በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ስለ አስተዳዳሪው ሥልጣን፤ ነጻነቱና አደጋው

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ለአስተዳዳሪው የተሰጠው ሥልጣን ምን እንደ ሆነ፤ ምን ነጻነት እንደሚያስገኝና ምን አደጋ እንደሚያስከትል ባጭሩ መግለጽ ነው። ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ቢመስልም በመሠረቱ «ቁልፉን ማን ይያዝ?» የሚለው የቆየ ጥያቄ ስለ ሆነ፤ ኮምፒዩተር ለማያጠና አንባቢም የሚጠቅም ይመስለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጥናት የመራን በቢዮ አዋሌ የገጠመን ነገር ነው። ቢዮ አዋሌ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ሲሆን፤ የአካባቢው ገበሬ ማሽላ ያርሳል፤ ከብትም ያረባል። በዕረፍት ጊዜያችን ጥቂት ተማሪዎች ሆነን፤ በዚያ በሚገኝ አንድ የንባብ ክፍል ውስጥ 6 አሮጌ ኮምፒዩተሮች አድሰን ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንንባቸው። ሊኑክስን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ሁለተኛ በአሮጌ መሣሪያ ላይ ይሠራል፤ ሦስተኛም አሠራሩ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ ለሚማር ሰው ይመቻል። ሥራውን በሁለት ቀን ጨረስን። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለማን እንስጥ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይፈታ ቀረ። ለዚህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ መልስ ሰጠን፤ ሁለቱ መልሶች የተሳሳቱ ነበሩ።

ሩት ምንድን ነው?

ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ፤ በዚያን ጊዜ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ ተማሪ ነው። አርአያ ያደረገው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ዩኒክስን ነው። ዩኒክስን ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በ1969 ጀመሩት። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ውድና ትልቅ ዕቃ ስለ ነበረ፤ ብዙ ሰዎች ባንድ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ ድንበር ማበጀት አስፈለገ።

ድንበሩ እንደሚከተለው ነው። ማናቸውም ፋይል አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን አለው፤ የቀሩት ሰዎች ሁሉ «ሌሎች» ይባላሉ። ለነዚህ ለሦስቱ ወገኖች ሦስት ፈቃዶች ይሰጣሉ ወይም ይከለከላሉ፤ ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ ናቸው። ማንበብ በ4፣ መጻፍ በ2፣ ማስኬድ በ1 ቁጥር ይመለከታሉ። ሦስቱም የተፈቀዱለት ወገን ድምሩን 7 ያገኛል። እንግዲህ 777 ማለት ባለቤቱም ቡድኑም ሌላውም ሰው ሁሉን ማድረግ ይችላል ማለት ነው። ይህ ቁጥር በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢው እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

ከነዚህ ተጠቃሚዎች ሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩ 0 የሆነ አንድ ተጠቃሚ አለ፤ ስሙም «ሩት» ይባላል፤ ሥር ማለት ነው። የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል፤ ቁጥሩ 0 የሆነ ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ ከፍ ብሎ የተገለጹትን ፈቃዶች አይጠይቅም። ሩት የማንንም ፋይል ያነባል፤ ያጠፋል፤ ፕሮግራም ይጭናል፤ የሌሎችን የይለፍ ቃል ይለውጣል፤ ዲስኩን በሙሉ ፎርማት ያደርጋል።

ስለ ነጻነቱ

የመጀመሪያው መልሳችን የይለፍ ቃሉን ለማንም ሳንሰጥ ይዘነው መመለስ ነበር። «ሳያውቁ ያበላሹታል» ብለን ፈራን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መብራት በድንገት ጠፋ። ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እያለ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት በዲስኩ ላይ ይጽፍ የነበረውን ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሣም ራሱን ይመረምራል፤ ጉዳቱ ከባድ ከመሰለው በመንገድ ላይ ቆሞ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች እንዲሁ ቆሙ፤ መብራት ዳግመኛ ሲጠፋ ሦስተኛው ተጨመረ። የሚያስፈልገው ጥገና አንድ ትእዛዝ ጽፎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነበር። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ግን መሣሪያዎቹ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጡ። የሥራ ማመልከቻ ለመጻፍ የመጡ ወጣቶችም እየተመለሱ ሄዱ። የክፍሉ ጠባቂ የሆኑት ሽማግሌ ስልክ ደውለው፤ «ልጆቼ፤ ቤቱን ሰጣችሁን፤ ቁልፉን ግን ይዛችሁ ሄዳችሁ» አሉን። መልስ አልነበረንም።

የሩት ሥልጣን ነጻነት መሆኑን የተረዳነው ከዚያ ወዲህ ነው። መሣሪያው የኔ ነው ለማለት ሲበላሽ ለማደስ፤ ሲጐድል ለመጨመር፤ ሳይመች ለመለወጥ መቻል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ባለቤቱ እንግዳ ነው።

ይህን ክርክር ከኛ በፊት ያነሡ ሰዎች አሉ። ተራው ተጠቃሚ ሩት የሚሆንበት «ሱ» የሚባለው ፕሮግራም ለግኑ ሥርዓት ሲዘጋጅ፤ ሥልጣኑን ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚወስነው ደንብ ሆን ተብሎ ተተወ። ምክንያቱንም የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው ሪቻርድ ስቶልማን በመመሪያው ላይ ጻፈው። በ1984 በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ጥቂት ሰዎች የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለውጠው ከሌላው ደብቀው ሥልጣኑን ለራሳቸው እንደ ያዙና፤ እርሱም የሥርዓቱን እምብርት ለውጦ ለሁሉም እንደ መለሰው ይናገራል። ጥቂቶች በብዙዎች ላይ እንዳይሠለጥኑ ሥልጣኑ ለሚያገኘው ሁሉ ክፍት ይሁን የሚል አሳብ ነበረው።

በአገራችንም የታወቀ ምሳሌ አለ። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ ክልል በወንጪና በወለንጪቲ መንደሮች፤ በያንዳንዱ ለ20 ያህል ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች ያለ መምህር በካርቶን እንዳሉ ሰጠ። ታብሌቶቹ የሚሠሩት በአንድሮይድ ሲሆን የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፤ አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ በ4 ደቂቃ ያህል ማብሪያውን አገኘ። ከ5 ወር በኋላ ደግሞ ልጆቹ እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውን ካሜራ እንዲሠራ አደረጉት፤ እንዳይለወጥ የተከለከለውንም የፊት ገጽ እያንዳንዳቸው እንደ ወደዱ ለወጡት። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ልጆቹ የሥርዓቱ ጌቶች ሆኑ ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን ዝቅ አድርገን ማየት ይሻላል እንላለን፤ ካሜራ መክፈትና ገጽ መለወጥ ሩት መሆንን የግድ አይጠይቅምና። የሆነ ሆኖ አንድ ነገር ያስረዳል፤ «አያውቁም» ተብሎ የተቈለፈው በር ብዙ ጊዜ የሚቈለፈው ሊያውቁ በሚችሉ ሰዎች ላይ ነው።

ስለ አደጋው

ከስልኩ በኋላ ሁለተኛውን መልስ ሰጠን። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈን በንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር መልካም ሆነ፤ የቆሙት ኮምፒዩተሮች ተነሡ፤ ማተሚያውም ሠራ። ብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ግን ገና ሥራ ሲጀምሩ ሩት ይሆኑ ጀመር፤ «ፈቃድ የለህም» የሚለው መልስ ይሰለቻልና።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ የጻፈውን ማስታወሻ ጓደኛው እንዲያነበው ፈለገ። ሥርዓቱ ከለከለው። ሩት ሆኖም ፈቃድ የሚለውጠውን ትእዛዝ በ777 ቁጥር ሰጠ፤ ትእዛዙም በፎልደሩ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲደርስ አዘዘ። በዚያን ጊዜ የቆመው ግን በራሱ ፎልደር ሳይሆን ፋይሎች ሁሉ በሚጀምሩበት በዋናው ሥር ላይ ነበር። ሥርዓቱ ሳይጠይቅና ሳይዘገይ የታዘዘውን ፈጸመ።

ውጤቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፤ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል ምስጢር የተጻፈበት ፋይል ማንም የሚያነበውና የሚለውጠው ሆነ። ሁለተኛው ውጤት የባሰ እንግዳ ነው። «ሱ» የተባለው ፕሮግራም ማንም ቢያስነሣው በባለቤቱ በሩት ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ልዩ ምልክት አለው፤ ይህን ዘዴ ያገኘው ከፍ ብሎ የተጠቀሰው ዴኒስ ሪቺ ነው። የ777 ትእዛዝ ያንን ምልክት ደመሰሰው። ስለዚህ በሮችን ሁሉ ለሁሉም የከፈተው ትእዛዝ፤ ተራው ተጠቃሚ ወደ ሩት የሚገባበትን በር ዘጋው። የያንዳንዱን ፋይል የቀድሞ ፈቃድ መልሶ ማግኘት አድካሚ ስለ ሆነ ሥርዓቱን እንደ ገና ጫንነው። ይህን ያደረገው ማን እንደ ሆነ የታወቀውም ልጁ ራሱ ስለ ነገረን ነው። ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ስለሚገቡ በመዝገቡ ላይ የሚገኘው ስም ሩት ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ስሕተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። በ2011 ባምብልቢ የተባለ የሊኑክስ ፕሮግራም መጫኛ ላይ አንድ ትርፍ ክፍት ቦታ ገባ። ትእዛዙ አንድ ትንሽ ፎልደር እንዲያጠፋ የታሰበ ነበር፤ በክፍት ቦታው ምክንያት ግን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚኖሩበትን ትልቁን ፎልደር በሙሉ የሚያጠፋ ሆነ። መጫኛው የሚሠራው በሩት ሥልጣን ስለ ሆነ የሚያቆመው አልነበረም። እንዲሁም በጥር ወር 2017 ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ መሐንዲስ በሌሊት ሲሠራ፤ በሁለተኛው ኮምፒዩተር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ላይ ያለውን የመረጃ ፎልደር አጠፋ። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ሌሎቹ የመጠባበቂያ መንገዶች አልሠሩም፤ የዳኑት ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በተቀዳ ቅጂ ነው። ድርጅቱ ይህን ሳይደብቅ ለሕዝብ ስለ ገለጸው ብዙዎች ተምረውበታል።

ከዚህ የምናየው፤ አደጋው የሚመጣው ከክፉ ሰው ብቻ አለመሆኑን ነው። የደከመ እጅና የተሳሳተ ፊደል ይበቃሉ። በተርሚናል የጠፋ ፋይል ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይሄድም። በዚህም ላይ ሩት ሆኖ ያስነሡት ፕሮግራም ሁሉ የሩትን ሥልጣን ይወርሳል። በፍላሽ የመጣ አንድ የማይታወቅ ፕሮግራም ተራ ተጠቃሚ ቢያስነሣው ጉዳቱ በዚያ ሰው ድንበር ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ሩት ቢያስነሣው ግን ቤቱን ሁሉ ይረከባል።

ሁለት የሚረሱ ነገሮች

አንደኛው ነገር፤ ተራ አካውንት ከሁሉም ጥፋት አያድንም። በ2015 ስቲም የተባለው የጨዋታ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ባለው ስሕተት ምክንያት የአንዳንድ ሰዎችን የግል ፋይሎች በሙሉ አጠፋ። ይህን ያደረገው ሩት ሳይሆን በተራው ተጠቃሚ ሥልጣን ነው፤ ሰው የራሱን ፋይል ማጥፋት ይፈቀድለታልና። ሥርዓቱ ቢጠፋ ከአንድ ፍላሽ እንደ ገና በአንድ ሰዓት ይጫናል፤ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ቢጠፋ ግን ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ሩትን መጠበቅ በየጊዜው ሌላ ቅጂ መያዝን አይተካም።

ሁለተኛው ነገር፤ ብዙ ነጻነት ያለ ሩት ይገኛል። በቢዮ አዋሌ ሰዎች ሩት ለመሆን ይቸኩሉ ከነበሩባቸው ምክንያቶች አንዱ የአማርኛ ፊደል ነበር። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ያለ ችግር ይታዩ ነበር፤ አማርኛው ግን ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ታየ። የኛ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚገኝ፤ የጐደለው የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፎንት ብቻ ነበር። ፎንትን ደግሞ ማንም ተጠቃሚ በራሱ ፎልደር ውስጥ ሊያስቀምጥና ለራሱ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህን ቀድመን አስተምረን ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ የግድግዳውን ወረቀት ባልፈለጉት ነበር።

ስለ መካከለኛው መንገድ

ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1975 ባወጡት ጥናት፤ ለማናቸውም ሰውና ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጥ የሚል ደንብ አቅርበዋል። በሊኑክስ ይህን ደንብ በሥራ ለመግለጽ ከሚያገለግሉት አንዱ «ሱዶ» የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም በ1980 ገደማ በአሜሪካ በባፋሎ ዩኒቨርሲቲ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር ሠሩት። በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ የሩትን የይለፍ ቃል ከመጀመሪያው ዘግቶ ሱዶን ዋና መንገድ አደረገው። በሱዶ የሚሠራ ሰው በራሱ ስም ይገባል፤ ሥልጣን የሚያስፈልገው ትእዛዝ ሲመጣ የራሱን የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ትእዛዙ ይፈጸማል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘም ይመዘገባል። ከተፈለገም ለአንዱ ሰው ጥቂት የተወሰኑ ትእዛዞች ብቻ ይፈቀዱለታል።

ይህን ለክፍሉ ጠባቂ ስንገልጽላቸው፤ «እንደ አፎሻ ነዋ!» አሉን። አንባቢ እንደሚያውቀው በሐረርጌ አፎሻ የሚባለው በሌላው አገር እድር እንደሚባለው ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው። ገንዘቡ የሁሉም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም እጁን ወደ ሣጥኑ አይከትም። ገንዘብ ያዡ ይይዛል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ሊቀ መንበሩ ያዛል። ንጽጽሩ ከኛ ማስረጃ ሁሉ የተሻለ ስለ ነበረ ሦስተኛውን መልስ በዚያው መንገድ አዘጋጀን።

ሁሉም ተጠቃሚ የየራሱ ተራ አካውንት አገኘ። ከአካባቢው ሁለት ወጣቶች፤ አንዲት ልጅና አንድ ልጅ፤ በሱዶ እንዲሠሩ ተመረጡና ዲስክ ማደስን፣ ፕሮግራም መጫንን፣ ቅጂ መያዝን ተማሩ። የሩት የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ በጠባቂው ሣጥን ተቀመጠ፤ የሚከፈተው ሁለቱም በሌሉ ጊዜ ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሁሉም ፋይል በሌላ ዲስክ ይቀዳል። በሱዶ የተሠራው ሥራም በደብተር ላይ ይጻፋል። ደብተሩ ያስፈለገው ሙሉ የሱዶ ሥልጣን ያለው ሰው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን መዝገብ ራሱን ማጥፋት ስለሚችል ነው።

ይህም መንገድ ጕድለት የለበትም አንልም። በ2021 በሱዶ በራሱ ውስጥ ለ10 ዓመት ያህል ሳይታይ የቆየ ቀዳዳ ተገኘ፤ በቀዳዳውም በኮምፒዩተሩ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ሩት ሊሆን ይችል ነበር። መድኃኒቱ አዲሱን እትም መጫን ነበር፤ መጫን ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል። እንግዲህ ሥልጣኑን ሩቅ ቦታ ቈልፎ ማስቀመጥ መሣሪያውን የሚያድን ቢመስልም፤ የሚያድሰው ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። በሌላም በኩል ለአንድ ሰው በሱዶ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ብቻ ፈቅደናል ብሎ መታለል አይገባም፤ ከነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ በውስጣቸው ሌላ ትእዛዝ ስለሚያስነሡ ሙሉውን ሥልጣን እንደ መስጠት ነው።

መደምደሚያ

ከፍ ብሎ ከተገለጸው የምናገኘው ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው። የሩት ሥልጣን ከሰው ቢነጠቅ መሣሪያው የሌላ ይሆናል፤ ለሁሉ በአንድ ቃል ቢበተን ደግሞ ጠባቂ የሌለው ይሆናል። ሥልጣኑ መሣሪያው ባለበት ቦታ በሚኖሩ፣ በተማሩ፣ በስማቸው በሚጠየቁ ሰዎች እጅ መሆን አለበት፤ እነርሱም ሲያስፈልግ ብቻ ያነሡታል፤ ሥራው ሲያልቅ ያስቀምጡታል። እኛ በመጀመሪያ የፈራነው የቢዮ አዋሌን ሰዎች አለማወቅ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱንም ጊዜ የተሳሳትነው እኛው ነን። መጀመሪያ ሳናስተምር ከለከልን፤ ቀጥሎም ሳናስተምር ሰጠን።

በቅርቡ ወደዚያ ተመልሰን ነበር። መብራት ከዚያ ወዲህም አያሌ ጊዜ ጠፍቷል። ደብተሩን ገልጠን ስናይ ልጅቱ በኦሮምኛ የጻፈችው አንድ አጭር መስመር አገኘን፤ ቀኑ፣ የኮምፒዩተሩ ቁጥር፣ «ዲስኩ ታደሰ» የሚል ቃል፣ ከሥሩም ፊርማዋ። ስድስቱም ኮምፒዩተሮች ይሠሩ ነበር። ወደ እኛ የደወለ ሰው አልነበረም።